ጨው የበላው የሩፋኤል እግር

ልጅ ሳለሁ ወደ አባባ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚከፈለው ውሃ ነበር። አንድ ጣሳ ንጹሕ የቦኖ ውሃ። ጣሳውን በሩ ላይ ያስረከበ ልጅ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ከአሮጌ ሐዲድ ሥር በተነቀሉት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ ይቀመጣል፤ ፋኖሱ ሲለኮስ አንድ ተረት ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባዶ እጁን የመጣ ደግሞ ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ የጎረቤቱ የመናዊ ዓሣ የሚጠብስበትን ከሰል ጭስ እየማገ የደረሰውን ያህል ይሰማል። አባባ ደምሴ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለነበር ብዙ አይደርሰውም።

ባለቤቴ ግርማ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ይህን የምጽፈው እሱ ስለዚያ ቤት ሲነሣ የሚለው ነገር እንዳይጠፋብኝ ነው። ግን ከግርማ በፊት የነበረውን ካልነገርኩ የእሱ ቀልድ ስለማይገባ፣ ከጣሳው ልጀምር።

ቤተ ክርስቲያን እንለዋለን እንጂ ታቦት የለውም። ለቅዳሴ ሌላ ቦታ ነበር የምንሄደው። ይኸኛው የአንድ ቤተሰብ ጸሎት ቤት ነው፤ ከእኛ ሰፈር ከካርቲየ 6 ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ፣ ከፍ ባለ የግቢ አጥር ውስጥ። የሠሩት የአባባ ደምሴ አባት ናቸው። ከባቡሩ ሥራ ጋር ወደ ጅቡቲ የወረዱ ግንበኛ ነበሩ። ወባ ይዟቸው ሊሞቱ ደርሰው፣ ከተረፍኩ ለሩፋኤል ቤት እሠራለሁ ብለው ተሳሉ፤ ተረፉ፤ ሠሩ። ድንጋዩን ከባሕር አወጡት፤ ያ በየቀዳዳው ቀንድ አውጣ የተቀበረበት ነጭ ድንጋይ ነው። ሥዕሉንም ራሳቸው ሣሉት። ሠዓሊ ስላልነበሩ የሚያውቁትን ነው የሣሉት። እመቤታችን በአህያ ወደ ግብፅ ስትሰደድ በስተኋላዋ፣ ከበረሃው ጫፍ፣ አንዲት ጥቁር ባቡር እየጨሰች ታልፋለች። ዮሴፍ ለምን በእግሩ ይሄዳል ብለን ስንጠይቅ አባባ ደምሴ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ ትኬት አልቆበት ነው ይሉን ነበር።

ውሃው ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ቆይቶ ነው። የባሕር ድንጋይ ባሕሩን አይረሳም። ወበቁ ሲመጣ ከግድግዳው ውስጥ ጨው እየወጣ እንደ ጥጥ ያብባል፤ ያበበበትን ቀለም ይዞ ይረግፋል። ስለዚህ አባባ ደምሴ ንጹሕ ጨርቅ በጣፋጭ፣ ጨው በሌለበት ውሃ እየነከሩ በግድግዳው ላይ ይለጥፉታል፤ ጨርቁ ጨዉን እስኪስበው ይተዉታል፤ ያወልቁና እንደገና ይለጥፋሉ። ይህ ማለቂያ የለውም። አባታቸው ሠሩት፣ እሳቸው ሲያጥቡት ኖሩ። ያኔ በየቤቱ ቧንቧ አልነበረም። የሰፈር ልጅ ሁሉ በየቅዳሜው ማታ ተረት ይፈልጋል፣ ቤቱ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱን አገናኟቸው።

አንዳንዱ ቦኖ ውሃው ጨው ጨው ይል ነበር። አንዳንዱ ልጅም ሰልፉ ሲረዝምበት ያታልላል። ስለዚህ አባባ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ትንሿን ጣታቸውን በየጣሳው ነክረው ይቀምሳሉ። ጨው ካለው እንትፍ ይሉና፣ «ይኸንን ለዓሦቹ መልስላቸው» ብለው ይመልሱታል። ልጁም እየተሳቀበት ይሮጣል።

የእኔን ግን አይቀምሱም ነበር። ምክንያቱ ትንሽ ነው። አንድ ቅዳሜ በር ላይ ደርሼ፣ ሳልጠየቅ፣ አባባ የዛሬው ቦኖ ጨዋማ ነው መሰለኝ ብዬ ራሴ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጉና፣ «የጽጌን አልቀምስም» ይላሉ። ይህንን ለመስማት ብቻ ሁለት ሰፈር ያህል ውሃ ተሸክሜ እሄድ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ስምንት ዓመቴ ይሆናል። በቤታችን ስድስት ልጆች ነበርን፤ ከስድስቱ መካከል ለብቻው የሚታይ ነገር የነበረኝ ይኸው ብቻ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ጳጉሜን ሦስት ነበር፤ የሩፋኤል ቀን። ደገኞቹ ወላጆቻችን በአገራቸው የዚያን ቀን ዝናብ እንደሚዘንብና ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው እንደሚጠመቁበት ይነግሩን ነበር። ጅቡቲ ግን በጳጉሜን ዝናብ ቀርቶ ጥላም አይገኝም። ሰማዩ ካልሰጠን እኛ እንወስድለት ይሉ ነበር አባባ ደምሴ፤ የዚያን ቀን ሁሉም ልጅ ውሃ ያመጣል፣ የመልአኩ ሥዕል ከላይ እስከ ታች ይታጠባል። ፋኖሱ ሲበራም የዓሣ አንበሪውን ተረት ይነግሩናል፤ ሰዎች ደሴት መስሏቸው በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደሠሩ፣ ዓሣው አንድ ቀን እንደ ተናወጠ፣ ሕዝቡም ሩፋኤል ሆይ ብሎ እንደ ጮኸ፣ መልአኩም በጦሩ ወግቶ ጸጥ እንዳሰኘው። ተረት ነው ወይስ ታሪክ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም። እኛም እኮ ባሕር ዳር በባሕር ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጥነው፤ መርከብ በወደቡ ላይ በጮኸ ቁጥር ወለሉ የተንቀሳቀሰ ይመስለናል።

በዚያ ዓመት ጳጉሜን ሦስት ሙቀቱ የተለየ ነበር። አሸዋ የተሸከመው ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ውሏል። ቦኖው ጋ ስደርስ ሰልፉ ከአጥሩ ታጥፎ ሄዷል፤ ሴቶቹም ልጅ እያስቀደሙ አይደለም። ቆምኩ፣ ቆምኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ካረፈድኩ ደጅ ከመስኮቱ ሥር መቆሜ ነው። እኔ፣ ውሃዋ የማይቀመሰው ጽጌ።

ባሕሩ ቅርብ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ታይቷል። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፣ ጣሳዬን ነከርኩ፣ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ልዩነት የለውም። ውሃ ውሃ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በሩ ላይ አባባ ደምሴ እየቀመሱ እያስገቡ ነው። ከፊቴ የነበሩትን ሁለት ልጆች ቀመሱ። የእኔ ተራ ደረሰ። ጣሳውን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«የጽጌን አልቀምስም» አሉ። ከዚያም እንደ ወትሮው ወደ ትልቁ በርሜል አልገለበጡትም። ለብቻው ወሰዱት። «የታመነው ውሃ ለመልአኩ እግር ይሁን» ብለው ጨርቅ ነከሩበትና ከሥዕሉ ግርጌ፣ ሩፋኤል ዓሣ አንበሪውን በረገጠበት ቀኝ እግር ላይ፣ በመዳፋቸው እየዳበሱ ለጠፉት።

የዚያን ማታ ተረቱን አልሰማሁትም። የፋኖሱ ብርሃን በእርጥቡ ግድግዳ ላይ ሲወላወል አያለሁ፣ የከሰሉ ጭስ ይሸተኛል፣ ድምፃቸው ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይገባም። ዓሣ አንበሪው ከእኔ ሥር ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስንገባ ፊተኛው ልጅ ጮኸ። የሩፋኤል ቀኝ እግር የለም። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ነጭ ጨው አብቦ፣ ቀለሙ ከነልስኑ ወለል ላይ ተራግፏል። አባታቸው በእጃቸው የሣሉት እግር ነው። አባባ ደምሴ ፋኖሱን አስጠግተው ዝቅ አሉ፤ ትንሿን ጣታቸውን በነጩ ላይ አሳረፉና ቀመሱት። ዞር ብለው እስኪያዩኝ ጠበቅሁ። ዞር አሉ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ማንንም አላዩም። እንጨታቸው ላይ ተቀመጡ፣ የፋኖሱን ክር ከፍ አደረጉና ከዚያ በፊት ነግረውን የማያውቁትን ተረት ጀመሩ።

ሩፋኤል ዓሣውን ከወጋ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጀመሩ። ክንፉ በባሕሩ ማዕበል ርሶ ስለነበር መብረር አልቻለም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በውሃው ላይ በእግሩ መጣ። ሲነጋ ጅቡቲ ደረሰ። የሚያርፍበት ቤት ሲፈልግ አንድ በወባ የሚንቀጠቀጥ ግንበኛ አገኘ። አጠገቡ ተቀመጠ፤ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ቢጠይቅ በቤቱ ያለው አንድ ጭልፋ ብቻ ሆነ። መልአኩም ውሃውን በሽተኛው እንዲጠጣው አዘዘ፣ የራሱን እግር ሳይታጠብ ቀረ። «የባሕር መንገደኛ ነውና እግሩ ጨው ነው» አሉ አባባ ደምሴ። «ምን ይደረጋል። እኛ ነን ቀስ እያልን የምናጥብለት።» ልጆቹ ሁሉ እግሩን ሊያዩ ተንጠራሩ። ማንም ከዚያ በኋላ ማን ጨው አመጣ ብሎ አልጠየቀም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቦኖው ንጹሕ ውሃ ይዤ ሄድኩ። የሁሉንም ቀመሱ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉና፣ «የጽጌን አልቀምስም» አሉ።

እባክዎ ይቅመሱት ማለት ፈለግሁ። አልቻልኩም። ቢቆጡኝ፣ ጆሮዬን ቢይዙኝ፣ ለእናቴ ቢነግሩብኝ እስከ ማታ አልቅሼ እረሳው ነበር። ያ ቃል ግን አልተረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ በፊት ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼም፣ ራሴም ጠጥቼ አላውቅም።

ግርማም ነገሩን ያወቀው በዚህ ነው። እንደ ተጋባን ሰሞን ብርጭቆውን ሳቀብለው በፊት እኔ ፉት ስል እያየ፣ የጅቡቲ ሴቶች ባላቸውን መርዝ እንዳይገድለው ነው ወይ የሚጠነቀቁት ይለኝ ነበር። ነገርኩት። ያኔ ከእሱ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሳቀ፣ ከዚያም ስም አወጣልኝ፤ የጨው ነጋዴዋ። የድሬዳዋ ልጅ፣ ያውም ትራንዚተር ስለነበር፣ የጅቡቲን ጨው ለማስጫን ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ ሲጨቃጨቅ ውሎ እየገባ፣ ቤቴም ያለችው ጨው ነጋዴ ናት ይላል። ከሳቁ በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሂጂና ንገሪያቸው። አባባ ደምሴ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ነገ ስል አረፉ።

ቤቱ ብዙ ዓመት ተዘግቶ ቆየ። በኋላ የልጅ ልጃቸው ማርታ ከፈተችው። ጣሪያውን አሳደሰች፣ በሩ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አደረገች፣ መግቢያ አምስት መቶ ፍራንክ አለች። የእኛ ሰው ተከፋፈለ። ግማሹ የአያቷን ስእለት ነገደችበት አለ፤ ግማሹ ጣሪያ በጸሎት ብቻ አይቆምም አለ። እኔ ከማንም በላይ የተቃወምኩ ነበርኩ። በሰርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ አምስት መቶ ፍራንክ የሚያወጣ ነገር የለውም፣ አራት ግድግዳና አንዲት ባቡር ነው እላለሁ። ሰዉም የድሮ ሰው ስለሆንኩ ያምነኛል።

ግርማ ያዳምጠኛል። አንድ ቀን ከኪሱ የአምስት መቶ ፍራንክ ሳንቲም አውጥቶ ከሬዲዮው ጎን፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

«መግቢያሽ ይኸውልሽ» አለኝ። «አንቺን ያስፈራሽ ዋጋው አይደለም። እግሩ ነው።»

ሳንቲሙ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። አቧራ ስጠርግ አነሣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ግርማ ታሞ ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜም ውሃውን እየቀመስኩ ሰጠሁት፤ ለመናገር አቅም ባነሰው ሰሞን እንኳ ከብርጭቆው በላይ በዓይኑ ይስቅብኝ ነበር። ካረፈም በኋላ ሳንቲሙ እዚያው ነበር። ልብሱን ለሰው ሰጠሁ፣ ወረቀቱን አስተካከልኩ፤ ሳንቲሙን ግን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ዳቦ አይገዛበት ነገር። ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ይዤው ወጣሁ።

በሩ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች ደርሰው ቆመዋል። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ዓርብን ዕረፍት የወጡ ናቸው፤ አለባበሳቸው የበዓል ነው። አንደኛዋ መግባት ትፈልጋለች፣ ሌላዋ ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታታለች።

«ለመግቢያ አምስት መቶ?» ትላለች ጎታቿ። «በዚህ ሞቅ ያለ ምሳ ይበላል። ደግሞ እኮ እትዬ ጽጌ የሚባሉ የካርቲየ 6 ሴትዮ አይረባም ብለዋል፤ እዚህ የተወለዱ ናቸው።»

እጄ ውስጥ ያለው ሳንቲም ላበ። ግርማ አጠገቤ ቢሆን መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር።

«እኚያ ሴትዮ» አልኳት፣ «ከልጅነታቸው ወዲህ ገብተው አያውቁም።»

«ያውቋቸዋል እንዴ እማማ?»

«በደንብ። ጨው ነጋዴ ናቸው። አትስሟቸው።»

ሦስታችንም ገባን። ማርታ ሳንቲሜን ተቀብላ ትኬት ቀደደችልኝ። እንጨቶቹ እዚያው ናቸው፤ ያነሱ መሰለኝ። ባቡሯም ትጨሳለች። ማርታ እንደ አያቷ ዝግ ባለ ድምፅ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳየችን፤ ዮሴፍ ዛሬም ትኬት አልቆበታል። ልጃገረዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ ሩፋኤል ወሰደችን። ሁሉም የሚመጣው ለዚህ ነው አለችና መብራቱን ወደ ግርጌው አዞረች። ያ ነጭ፣ እግር የሚያህል ባዶ ቦታ። ተረቱንም ጀመረች። የረሰውን ክንፍ፣ በባሕር ላይ የሌሊቱን ጉዞ፣ ወባ የያዘውን ግንበኛ፣ አንዷን ጭልፋ ውሃ፣ አንድም ሳታጎድል። ጎታቿ ልጅ፣ አምስት መቶው ያስቆጫት፣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ታለቅሳለች። እሷ የሰው እግር ስታጥብ፣ የሰው ወለል ስታጥብ የምትውል ናት፤ መልአኩ ሳይታጠብ መቅረቱ ነው የነካት።

ከእንጨቱ ላይ ተነሣሁ።

«ማርታ፣ ጨዉን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

መናገር ከጀመርኩ በኋላ አልከበደኝም። ሰልፉን፣ ባሕሩን፣ ጣሳውን፣ አያቷ አልቀምስም ያሉኝን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ማርታ መብራቱን ወደ እኔ አዞረች። ስሜን ጠየቀችኝ።

«ጽጌ።»

አልቃሿ ልጅ ነጠላዋን ከአፏ ጣለችው። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

ማርታ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። «እትዬ ጽጌ» አለችኝ፣ «አባባ ይህን ተረት ሲነግሩን፣ ሁልጊዜ ሲጨርሱ፣ ይኸንን ያወጣሁት ውሃዋን ለማልቀምስላት ልጅ ነው ይሉን ነበር። ማን ናት ስንላቸው አይነግሩንም። ትመጣለች ብቻ ይላሉ።»

መልሼ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የሸሸሁትን ቤት እያሰብኩ፣ በውስጡ ደግሞ ስንት ዓመት ስጠበቅ እንደኖርኩ እያሰብኩ፣ ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ። ጨዉን ከግድግዳው ከቀመሱ በኋላ ሁልጊዜ እያወቁ ነበር እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉት። እኔ እንደ ቅጣት ተሸክሜው ኖሬ ነበር።

ማርታ ሳንቲሜን ልትመልስልኝ ጠረጴዛው ጋ ሄደች። ውሃ ያመላለሰ አይከፍልም አለች። እምቢ አልኳት፤ የከፈለው ግርማ ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃ አላመላለሰም። ስንወጣ፣ ከእንግዲህ ለጎብኚ እውነቱን ልንገር ወይስ ተረቱን ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ከነገርኩ ግን ዋጋ መጨመሬ ነው፣ ሁለት ታሪክ ነውና አለች። ተረቱን እንደ ለመድሽው ንገሪ፣ የእኔን ለሚጠይቅ ብቻ አልኳት።

ሰሞኑን ጳጉሜን ሦስት ነበር። የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ሞልቼ፣ ቀምሼ፣ በታክሲ ወሰድኩ። ያቺ ያለቀሰችው የሀራሙሷ ልጅ ከአሠሪዋ ፈቃድ ለምና መጥታለች፤ ሁለት ፕላስቲክ ውሃ ይዛለች። ማርታ በሩ ላይ ቆማ የልጅቷን ውሃ በትንሿ ጣቷ ቀመሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ፈገግ አለች፤ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«የእትዬ ጽጌን አልቀምስም።»

«ቅመሺው» አልኳት። «እባክሽ ቅመሺው።»

አየችኝ። ጣቷን ነከረች፤ ወደ አፏ ወሰደችው፤ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። የአያቷ ልጅ ናት።

«ጣፋጭ ነው» አለች። «ይግባ።»

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ አምስት መቶ ፍራንኩ ያወጣል እላለሁ፤ ለምን ሐሳብሽን ቀየርሽ ካሉኝም ሄዳችሁ እዩ እላለሁ። ከዚያ ቤት እኔ ጋ የቀረው የዓሣ አንበሪው ተረት አይደለም፣ የፋኖሱም ብርሃን አይደለም። ከጣሳ ላይ ወደ ኋላ የተሰበሰበች አንዲት እጅ ናት። ግርማ ይህን አላየም። ግን ማታ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ከሬዲዮው ጎን ሳንቲሙ በነበረበት ቦታ ትኬቱን አስቀመጥኩት፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ፉት ሳልል፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።